ለቃጠሎ ቁስል የቱ ይሻላል? ማር፣ እሬት፣ ቫይታሚን ኢ ወይስ የፋርማሲው ነጭ ክሬም

ሐዋሳ ውስጥ ፋርማሲ ገብታችሁ «ለቃጠሎ ምን አላችሁ?» ብትሉ ብዙ ጊዜ የሚወጣላችሁ ያው ነጩ ክሬም (ሲልቨር ሰልፋዲያዚን) ነው። ሰፈር ውስጥ ብትጠይቁ ማር ይሏችኋል፣ እሬት ይሏችኋል፣ አንዷ ደግሞ የቫይታሚን ኢ እንክብል በርፌ አፍስሼበት ዳነልኝ ትላለች። ስልካችሁን ከፍታችሁ ብትፈልጉ ሁሉም ነገር «አንቲኦክሲደንት» ሆኖ ይመጣል። ቫይታሚን ሲ፣ እርድ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ አረንጓዴ ሻይ። ሁሉም ቁስል ያደርቃል፣ ሁሉም ጠባሳ ያጠፋል ይባላል።

እነዚህን ማወዳደር ይቻላል፣ እናወዳድራቸዋለን። ግን አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ከማወዳደራችሁ በፊት ቁስሉ ምን ደረጃ ላይ እንዳለ እወቁ። አሁን የተቃጠለ ቆዳ፣ ተልጦ ክፍት የሆነ ቁስል፣ እና ድኖ ጠባሳ የሆነ ቆዳ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለአንዱ የሚጠቅመው ሌላውን ይጎዳል። ለጠባሳ የተሠራውን ሴረም ክፍት ቁስል ላይ የሚያፈስ ሰው አለ። ለቁስል የሚሆነውን ማር ደግሞ ገና ትኩሱ ሳይወጣለት የሚለጥፍ አለ። ሁለቱም ጥሩ ነገር ይዘው ነው የሚጎዱት።

መጀመሪያ ውሃ ነው

የመጀመሪያው ሰዓት ላይ ከውሃ ጋር የሚወዳደር ምንም ቅባት የለም። ቀዝቃዛ የቧንቧ ውሃ፣ እየፈሰሰ፣ ለ20 ደቂቃ። ሲነገር ቀላል ይመስላል፣ ሕፃን እያለቀሰ 20 ደቂቃ መያዝ ግን ረጅም ነው፤ ቢሆንም ያዙት። ወዲያው ካልቻላችሁም ተስፋ አትቁረጡ፣ ከተቃጠለ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ውሃው ይጠቅማል። ቧንቧው ውሃ ከሌለው (ያጋጥማል) ከጀሪካን በጆግ እየቀዳችሁ ቀስ አድርጋችሁ አፍስሱበት። በረዶ አይሆንም፣ የተጎዳውን ቆዳ ደም ያሳጣዋል። ልጅ ከሆነ የተቃጠለውን ብቻ እያቀዘቀዛችሁ ሌላውን ሰውነቱን በጋቢ ሸፍኑት፣ ትንንሽ ልጆች ቶሎ ይበርዳቸዋል። ቀለበት፣ ሰዓት፣ አምባር ሳያብጥ አውልቁ።

ኮልጌት፣ ቅቤ፣ የቡና ዱቄት፣ እንቁላል፣ ቡሆ። እነዚህን እናቶቻችን ያደረጉት ለልጃቸው ተጨንቀው እንጂ ለክፋት አይደለም። ግን ሙቀቱን ያፍኑታል፣ ጀርም ያስገባሉ፣ ሐኪም ጋ ስትደርሱ ደግሞ የቃጠሎውን ጥልቀት እንዳያይ ይሸፍኑበታል። ከዚያ ለማጽዳት ሲፋቅ ያለው ስቃይ ከቃጠሎው አይተናነስም። ከውሃው በኋላ ምግብ በሚሸፈንበት ስስ ፕላስቲክ ወይም በታጠበ ንጹህ ጨርቅ ሳታጠብቁ ሸፍኑት፣ በቃ።

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል አካባቢ ዓሣ የሚጠብሱ ሰዎች ይህን ልብ ይበሉ፦ የፈላ ውሃ ከ100 ዲግሪ አያልፍም፣ የመጥበሻ ዘይት ግን 180 አካባቢ ይደርሳል፣ ቆዳ ላይም ተጣብቆ ይቆያል። ስለዚህ የዘይት ቃጠሎ ከላይ ሲያዩት ትንሽ መስሎ ወደ ውስጥ ጠልቆ ሊገኝ ይችላል። «ትንሽ ነው» ብላችሁ አትናቁት።

ጥልቀቱን እዩ

ቆዳው ሳይላጥ ቀልቶ ወይም ጠቁሮ የሚያቃጥል ብቻ ከሆነ፣ በሳምንት ውስጥ ያልፋል፣ ምን ቀባችሁ ምን ብዙ ለውጥ የለውም። ውሃ ከቋጠረ፣ ሲላጥ ከሥሩ ሮዝና እርጥብ ሆኖ ሲነካ በጣም ካመመ፣ መካከለኛ ነው። የንጽጽራችን ዋና ቦታ ይኼኛው ነው፣ በአግባቡ ከተያዘ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ባለው ጊዜ ይድናል። ነጭ፣ ቡናማ ወይም ከሰል የመሰለ፣ ቆዳ መስሎ የደረቀ፣ ሲነካ የማያም ከሆነ ግን ጥልቅ ነው። ሕመም አለመኖሩ የሚያስደስት ነገር አይደለም፣ ነርቩ ተቃጥሎ ነው። ይህንን በማርም በእሬትም መታገል የለም።

ቀጥታ ወደ ሆስፒታል የሚያስኬዱ ሌሎች ነገሮችም አሉ። ቃጠሎው ከራሱ ከተጎዳው ሰው መዳፍ ከነጣቶቹ ከበለጠ (ይህ የሰውነት 1 በመቶ ያህል ነው)፣ ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ ብልት ወይም መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ፣ እጅን ወይም እግርን ዙሪያውን ከከበበ፣ መብራት ወይም ኬሚካል ካቃጠለው፣ ጭስ ከታፈነበት፣ የተጎዳው ትንሽ ልጅ፣ አዛውንት፣ ነፍሰ ጡር ወይም የስኳር ሕመምተኛ ከሆነ። ሐዋሳ ላላችሁ አዳሬ ሆስፒታል አለ፣ ሪፈራል ሆስፒታሉ አለ። ሰፊ ቃጠሎ ሲሆን ወደ አዲስ አበባ የሚላክበት ጊዜም አለ፣ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል አለው። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባታችሁም መቼ እንደሆነ የማታስታውሱ ከሆነ እዚያው ጠይቁ።

አንቲኦክሲደንት የሚባለው ምን ያደርጋል?

እ.ኤ.አ. በ1953 ጃክሰን የሚባል እንግሊዛዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም የቃጠሎ ቁስልን በሦስት ቀጠና ከፍሎ አሳየ። መሃሉ የሞተ ነው፣ አይመለስም። ዳር ዳሩ የቀላ ነው፣ ይድናል። በሁለቱ መካከል ያለው ደግሞ ደም የቀነሰበት፣ ሊተርፍም ሊሞትም የሚችል ቀጠና ነው። የዛሬው ቃጠሎ ከነገ ወዲያ ጠልቆ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው፣ መካከለኛው ቀጠና ቀስ ብሎ ስለሚሞት።

ይህንን ቀጠና ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ ሰውነት ራሱ በቁጣ የሚያመነጨው ኦክሲደንት ነው። ነጭ የደም ሴሎች ወደ ቦታው ጎርፈው ጀርም ለመግደል የሚረጩት ነገር ጤነኛውንም ሴል ይነካል። አንቲኦክሲደንት ይህንን ያበርዳል፣ መካከለኛውን ቀጠና ያተርፋል የሚለው ሐሳብ ከዚህ ይነሳል። ሐሳቡ ትክክለኛ መሠረት አለው፣ አይጥ ላይ በተደረጉ ብዙ ሙከራዎችም ታይቷል።

ግን ኦክሲደንቱ ሥራ አለው። ጀርም የሚገድለው እሱ ነው፣ ቁስሉ እንዲጠግን መልእክት የሚያስተላልፈውም በከፊል እሱ ነው። ስለዚህ «ብዙ አንቲኦክሲደንት አለው» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ቁስል ያድናል ማለት አይደለም። ማሰሮ ሙሉ አንቲኦክሲደንት ያለው ነገር ንጹህ ካልሆነ፣ ወይም አሲድ ከሆነ፣ ወይም ጎዙን (ቁስል የሚሸፈንበትን ስስ ጨርቅ) ቁስሉ ላይ የሚያጣብቅ ከሆነ ጉዳቱ ያመዝናል። እኔ አንድን ነገር የምመዝነው በሦስት ጥያቄ ነው። ሰው ላይ ተሞክሯል? ንጹህ ሆኖ ይገኛል? ቁስሉን እርጥብ አድርጎ ይይዛል?

ማር

በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ከተፈጥሮ ነገሮች ሁሉ የተሻለ መልስ ያለው ማር ነው፣ እና ይህን የምለው ማር ስለምንወድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት ነው) ግምገማ፣ 26 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ፣ መካከለኛ ቃጠሎ በማር ሲታሸግ ከተለመዱት ማሸጊያዎች ይልቅ ከ4 እስከ 5 ቀን ቀድሞ እንደሚድን አግኝቷል። ከነጩ ክሬም ጋር ሲወዳደርም ማር የቀደመባቸው ጥናቶች አሉ፣ ግን የነዚያ ጥራት ደካማ ነው ብሏል ያው ግምገማ።

ለምን ይሠራል? ስኳሩ ወፍራም ስለሆነ ውሃን ከጀርሙ ይመጥጣል። አሲድነቱ መጠነኛ ነው፣ ጀርም አይመቸውም። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚባል ከንቧ የሚመጣ ኤንዛይም አለው፣ ማሩ በቁስሉ እርጥበት ሲቀጥን ትንሽ ትንሽ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ እየሠራ ይለቃል። ከአበባው የመጡት ፖሊፊኖሎች ደግሞ አንቲኦክሲደንቶቹ ናቸው። ልብ በሉ፣ ማር ኦክሲደንትም አንቲኦክሲደንትም አብሮ ይዟል። ለእኔ የማር ብልጫ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጎዙም አይጣበቅም፣ ሲቀየር አዲሱን ሥጋ ይዞ አይነሳም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር። ጥናቶቹ ላይ ያለው ማርና ገበያ ላይ ያለው ማር አንድ አይደሉም። የሕክምና ማር ተጣርቶ በጋማ ጨረር የጸዳ ነው። ጥሬ ማር ውስጥ የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል። «አፍልቼ እጠቀማለሁ» አትበሉ፣ መፍላት ኤንዛይሙን ይገድላል፣ ዘሩን ግን አይገድልም፤ የሚጠቅመውን አጥፍታችሁ የሚጎዳውን ታስቀራላችሁ ማለት ነው። ስኳር የተቀላቀለበት ማር ገበያ ላይ እንዳለ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

ጣዝማስ? በጣም የምጠየቀው ይህንን ነው። ጣዝማ ማር በአገራችን እንደ መድኃኒት የከበረ ነው፣ ቅርሱንም አከብራለሁ። ነገር ግን ከመሬት ውስጥ ተቆፍሮ የሚወጣ ነው፣ ከተራው ማር ይልቅ ውሃ ይበዛበታል፣ አፈርም ሊነካው ይችላል። ክፍት ቁስል ላይ አታድርጉት። ለጉሮሮ ይሁን።

የሕክምና ማር ካገኛችሁ (ሁሉም ፋርማሲ ላይ አይገኝም፣ መለያው ላይ ለቁስል የተዘጋጀና የጸዳ መሆኑ መጻፍ አለበት) አጠቃቀሙ እንዲህ ነው። ቁስሉን በኖርማል ሳላይን (ለሕክምና በተዘጋጀ የጨው ውሃ) ወይም ፈልቶ በቀዘቀዘ ንጹህ ውሃ ታጥባላችሁ። ማሩን ቁስሉ ላይ ሳይሆን ጎዙ ላይ ትቀቡታላችሁ፣ ወርዱም ቁመቱም 10 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ጎዝ 20 ሚሊ ሊትር ያህል። ከላዩ ደረቅ ጎዝ፣ ከዚያ ፋሻ። መጀመሪያ ላይ ቁስሉ ብዙ ፈሳሽ ስለሚያወጣ በየቀኑ ትቀይራላችሁ፣ እየቀነሰ ሲሄድ ታራርቃላችሁ። ሲነካ ትንሽ ሊያቃጥል ይችላል። የማያስችል ከሆነ ወይም ሰውየው ለንብ ነገር አለርጂ ካለው ይተው።

እሬት

ሁለተኛው እሬት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ግምገማ በ371 ሰዎች ላይ የተደረጉ 4 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ፣ አሎ ቬራ (አንዱ የእሬት ዓይነት) የተቀቡት ወደ 9 ቀን ገደማ ቀድመው እንደዳኑ አሳይቷል። ቁጥሩ ከማር የበለጠ ይመስላል፣ አይምሰላችሁ። ጥናቶቹ ጥቂት ናቸው፣ አንዱ ክሬም ይጠቀማል፣ ሌላው ጄል፣ የቃጠሎዎቹም ዓይነት አንድ አይደለም። ስለዚህ ተስፋ አለው እላለሁ፣ ከዚያ አላልፍም።

ከዚህም ሌላ፣ መንገድ ዳር ያየነው እሬት ሁሉ አሎ ቬራ አይደለም። አገራችን ብዙ ዓይነት እሬት አላት፣ የተጠናው ግን አንዱ ነው። ቅጠሉ ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚወጣው ቢጫና መራራ ፈሳሽ፣ ያ ሕፃን ጡት ለማስጣል የሚቀባው፣ ቆዳ ይቆጣል። የሚፈለገው ከውስጥ ያለው ጥርት ያለ ዝልግልግ ነው። ቤት ውስጥ ሁለቱን ለይቶ፣ ጀርም ሳይነካው ማውጣት ከባድ ነው።

የእሬት ቦታው ያልተላጠ፣ የሚያቃጥል ላይኛው ቃጠሎ ላይ ነው፣ ፀሐይ ያቃጠለው ቆዳ ላይም። ያቀዘቅዛል፣ ያረጥባል። ከሱቅ ስትገዙ አልኮልና ሽቶ የሌለበትን ምረጡ። አረንጓዴ ቀለም ያለው ጄል ቀለሙ የእሬት አይደለም፣ የውስጡ ዝልግልግ ቀለም የለውም።

ነጩ ክሬም

ሲልቨር ሰልፋዲያዚን አንቲኦክሲደንት አይደለም፣ ግን ሁሉም የሚወዳደረው ከሱ ጋር ስለሆነ መታለፍ የለበትም። ከ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም ላይ የቃጠሎ መድኃኒት ሆኖ ኖሯል። ጀርም ይገድላል፣ ብዙ ነፍስ አትርፏል። ጥልቅና ሰፊ ቃጠሎ ላይ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ቦታ አለው።

ትንሽና ንጹህ መካከለኛ ቃጠሎ ላይ ግን የመጀመሪያ ምርጫዬ አይደለም። አዲስ የሚበቅለውን ቆዳ ያዘገያል፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የኮክሬን ግምገማም ከሲሊኮንና ከሌሎች ዘመናዊ ማሸጊያዎች አንጻር ኋላ የቀረ መሆኑን አሳይቷል። ነጭ ልባስ ሠርቶ ጥልቀቱን ይሸፍናል፤ ስለዚህ ወደ ሆስፒታል የምትሄዱ ከሆነ ቀብታችሁ አትሂዱ። በየቀኑ ታጥቦ መቀየር አለበት፣ ያም ያማል። ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት፣ መውለጃዋ የተቃረበ ነፍሰ ጡር፣ ከ2 ወር በታች ያለ ሕፃን አይቀባም።

ቫይታሚን ኢ እና ሲ

ቫይታሚን ኢን በተመለከተ ግልጽ ልሁን፦ አልመክርም። ክፍት ቁስል ላይም፣ ጠባሳ ላይም። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በ15 ሰዎች የቀዶ ሕክምና ጠባሳ ላይ ሞክሮት፣ 90 በመቶው ላይ ወይ ምንም ለውጥ አላመጣም ወይ ጠባሳውን አባሰው። ከሦስቱ አንዱ ቆዳው ተቆጣ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ነገር ግን ተቃራኒውን የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ ሳይኖር ለምን ገንዘብ ይወጣል? እንክብሉ ደግሞ ለመዋጥ የተሠራ ነው እንጂ ቁስል ላይ ሊፈስ የጸዳ አይደለም።

ፊት ለማቅላት የሚሸጠው የቫይታሚን ሲ ሴረም አብዛኛውን ጊዜ አሲድ ነው። የተላጠ ቆዳ ላይ ማፍሰስ እሳት ላይ እሳት ነው። ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ጥናት ብዙ ቫይታሚን ሲ በደም ሥር ሲሰጥ ከባድ ቃጠሎ ያለባቸው ሰዎች በደም ሥር እንዲሰጣቸው የሚያስፈልገው ፈሳሽ እንደቀነሰ ታይቷል። ይህ ግን በጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ በሐኪም ክትትል የሚደረግ ነገር ነው፣ ኪኒን ፈጭቶ ቁስል ላይ ከመነስነስ ጋር አይገናኝም። ቫይታሚን ሲን ብሉት። ዘይቱን፣ ፓፓያ፣ ብርቱካን። ሰውነት ኮላጅን (ቆዳን አያይዞ የሚይዝ ፕሮቲን) ለመሥራት ያስፈልገዋል። ከሱ ጋር እንቁላል፣ ዓሣ፣ ፆም ከሆነ ምስርና ባቄላ። የተቃጠለ ሰው ፕሮቲን ይፈልጋል፣ ይህን ብዙ ቤተሰብ ይረሳዋል።

ከጓዳ የሚወጡት

እርድና ጥቁር አዝሙድ ላብራቶሪ ውስጥና እንስሳት ላይ ጥሩ ነገር አሳይተዋል። የጓዳችን ዱቄት ግን አቧራና ጀርም አለበት፣ የጥቁር አዝሙድ ዘይትም የቆዳ አለርጂ ያስነሳባቸው ሰዎች አሉ። ወጥ ውስጥ ይግቡ።

ፓፓያ ትንሽ ለየት ይላል። ጋምቢያ፣ ባንጁል በሚገኝ ትልቅ ሆስፒታል የተቃጠሉ ሕፃናትን ቁስል በተፈጨ ፓፓያ ያክሙ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ1999 ታትሟል። ውስጡ ያለው ፓፔይን የሚባል ኤንዛይም የሞተውን ሥጋ እየበላ ያጸዳል። እዚያ ያደርጉት የነበሩት ነርሶችና ሐኪሞች ናቸው፣ በየቀኑ ቁስሉን እያዩ። ቤት ውስጥ ለመሞከር ሳይሆን፣ ከእኛ የማይሻል ሀብት ያለው አገር በእጁ ያለውን ነገር በጥንቃቄ አጥንቶ መጠቀም መቻሉን ስለሚያሳይ ደስ ስለሚለኝ ነው ያነሳሁት።

እኔ ብሆን የምመርጠው

ያልተላጠ ከሆነ፦ ውሃ፣ ከዚያ እሬት ጄል ወይም ተራ ቫዝሊን፣ ለሕመሙ ፓራሲታሞል።

ውሃ የቋጠረ ወይም የተላጠ፣ ከመዳፍ ያነሰና እላይ ከጠቀስኳቸው ቦታዎች ውጭ ከሆነ፦ የሕክምና ማር ከተገኘ እሱን። ካልተገኘ ከገበያው ማር ይልቅ የቫዝሊን ጎዝ እመርጣለሁ። ርካሽ ነው፣ ንጹህ ነው፣ አይጣበቅም፣ ቁስሉን እርጥብ ያደርገዋል። አንቲኦክሲደንት የለውም፣ አዎ፣ ግን የቆሸሸ አንቲኦክሲደንት ከሚገባ ንጹህ ቫዝሊን ይሻላል። ውሃ የቋጠረውን ቤት ውስጥ አታፍርጡት። ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ አንድ ጊዜ ማሳየት ደግሞ ምንም አያጎድልም።

በየቅያሬው ቁስሉን እዩት፣ አሽቱትም። ሕመሙ ከቀን ወደ ቀን ከጨመረ፣ ከሸተተ፣ መግል ከያዘ፣ ዙሪያው ካበጠና ከሞቀ፣ ወይም ትኩሳት ከመጣ ምርጫው ሁሉ ይቆማል፣ ያን ቀን ሐኪም ጋ ነው። እኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፣ ስለዚህ በእጃችሁ ጀርባ ሙቀቱን ዳስሱ። በ2 ሳምንት ውስጥ መዝጋት ካልጀመረም እንዲሁ። ከ3 ሳምንት በላይ የፈጀ ቃጠሎ ወፍራም ጠባሳ የመተው ዕድሉ ከፍ ይላል፣ ስለዚህ መጠበቅ ትርፍ የለውም።

ከዳነ በኋላ

ቆዳው ሙሉ በሙሉ ሲዘጋ ሌላ ምዕራፍ ነው። እዚህ ላይ ብልጫ ያለው የሲሊኮን ጄል ወይም የሲሊኮን ልጥፍ ነው፣ ለወራት በየቀኑ። ውድ ነው ካላችሁ በቫዝሊን በቀን ሁለት ሦስቴ ማሸት አለ፣ ማሳከኩንም ያስታግሳል። ፀሐይ ጠባሳውን ያጠቁረዋልና ስትወጡ ሸፍኑት። ጠጋኝ መስሏችሁ ስቴሮይድ ያለበት የፊት ማቅያ ክሬም እንዳትቀቡበት አደራ። ቫይታሚን ሲ ሴረም መሞከር የሚፈልግ ሰው ካለ ቆዳው ከዘጋና መቆጣቱን ከተወ ከወራት በኋላ፣ በትንሽ ቦታ ጀምሮ፣ የቆዳ ሐኪም አማክሮ ይሞክር።

ጣት፣ ክርን፣ ብብት፣ አንገት ላይ የነበረ ቃጠሎ ግን ከማንኛውም ቅባት በላይ እንቅስቃሴ ይፈልጋል። ጠባሳ እየጠበበ መገጣጠሚያውን አጥፎ ይይዘዋል፣ በተለይ ልጆች ላይ፣ እያደጉ ሲሄዱ እየባሰ። ቁስሉ ገና ሲታሸግ እያንዳንዱ ጣት ለየብቻው እንዲጠቀለል ጠይቁ፣ አብረው ከታሰሩ ተጣብቀው ይድናሉ። ከዚያ በየቀኑ ብዙ ጊዜ፣ እያሳዘናችሁም ቢሆን፣ ዘርጉ፣ አጣጥፉ። ሆስፒታሉ የፊዚዮቴራፒ ክፍል ካለው ቁስሉ እስኪድን ሳትጠብቁ ቀጠሮ ያዙ።